የድባቴ መድኃኒት ማቆም ይቻላል፤ በአንድ ጀንበር ግን አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ርዕሱ «የድባቴ ኪኒናችሁን ዛሬውኑ ጣሉት» ይላል። የምሠራው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ አካባቢ ካሉት ፋርማሲዎች በአንዱ ነው። ጽሑፉን ያየሁት በአንዲት ደንበኛ ስልክ ላይ ነው። ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ። እሷ ቢያንስ ጠይቃለች። ያሳሰቡኝ አንብበው ያልጠየቁት ናቸው።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ለድባቴ የታዘዘላቸውን መድኃኒት ለዓመታት ወስደው፣ በአንድ ቀን አቁመው፣ ደህና እንደሆኑ ይናገራሉ። ከዚያ ተነስተው እንዲህ ይላሉ፦ መድኃኒቱ ሱስ ነው፤ ድባቴ የሚመጣው ሴሮቶኒን የተባለ የአንጎል ንጥረ ነገር ሲያንስ ነው የሚባለው ውሸት መሆኑ ስለተረጋገጠ ኪኒኑ ከስኳር አይሻልም፤ ደህና ከሆናችሁ ድናችኋልና በአንድ ቀን አቁሙ፤ ከዚያ የሚሰማችሁ ሕመም መርዙ ከሰውነታችሁ ሲወጣ ነው፤ ሐኪም ገቢው ስለሚቀርበት አቁሙ አይላችሁም፣ ስለዚህ ለማንም አትንገሩ፤ ጸበልና ኪኒን አብረው አይሄዱም፤ አያቶቻችን በቡናና በጎረቤት ነው የኖሩት።

እሳቸው አቁመው ደህና ከሆኑ እሰየው። ማቆም የታካሚው መብት ነው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም። ማንም ዞር ብሎ ሳያያቸው ያው ማዘዣ እየታደሰ ለዓመታት የሚወስዱ ሰዎች አሉ። ክብደት የጨመረባቸው፣ የወሲብ ፍላጎታቸው የጠፋ፣ ደስታውም ሐዘኑም አልሰማ ያላቸው አሉ። እነዚህ ነገሮች ለመናገር ስለሚያሳፍሩ ሰው ዝም ብሎ መድኃኒቱን ይተዋል። ገና ሲጀምር «ስታቆም እንዲህ ሊሰማህ ይችላል» ያለው ሰውም የለም። ጸሐፊው የተቆጡበት ነገር እውነት ነው። የማልቀበለው «ዛሬውኑ» እና «ለማንም አትንገሩ» የሚሉትን ነው። ሰው የሚጎዳው በእነዚህ ሁለቱ ነው።

ከሱሱ ልጀምር። ሱስ የያዘው ሰው መጠኑን እየጨመረ ይሄዳል። ያምረዋል። ካጣው ዕቃ ሸጦም ቢሆን ይፈልገዋል። ፍሉኦክሰቲን የተባለው የድባቴ መድኃኒት አምሮት ፋርማሲ በር ላይ የሚጉላላ ሰው የለም። ሰው የሚቸገረው ሳይረሳ መውሰዱ ላይ ነው። ይሁንና ሰውነት መድኃኒቱን ይለምደዋል፣ በድንገት ሲቀርበትም ይታመማል። ይህን ማስተባበል አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት ሳይካትሪ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣና ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ አለ። የድባቴ መድኃኒት ካቆሙት 31 ከመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ የማቋረጥ ምልክት ታይቶባቸዋል። መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ኪኒን ሲወስዱ ቆይተው ካቆሙትም 17 ከመቶው እንዲሁ ታመናል ብለዋል። ልዩነቱ ሲሰላ ከስድስት ወይም ከሰባት ሰው አንዱ በመድኃኒቱ የተነሳ ምልክት ያያል ማለት ነው። ከባድ የሚባለው ከ35 ሰው በአንዱ ላይ ደርሷል። ስለዚህ «የጀመረው አይላቀቅም» ማለት ትክክል አይደለም። «ምንም አይሰማህም» የሚልም ልክ አይደለም።

ሱስ የሚያስይዘው ሌላ መድኃኒት ነው። ዳያዜፓምን የመሰሉት የእንቅልፍና የጭንቀት ኪኒኖች ለረጅም ጊዜ ከተወሰዱ ሱስ ያስይዛሉ። ሰው ሁለቱን ያምታታል፤ ብዙ ጊዜም አብረው ይታዘዛሉ። እዚህ ላይ ጽሑፉ በጣም አደገኛ የሆነ አንድ ቃል ተጠቅሟል። «የጭንቅላት ኪኒን ሁሉ» ይላል። አማኑኤል ሆስፒታል ወይም የካ ኮተቤ ክትትል ያለው ሰው ሁሉ የሚወስደው የድባቴ መድኃኒት አይደለም። ፌኖባርቢታል ወይም ቫልፕሮኤት የሚወስድ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ አለ። ለከባድ የስሜት መዋዠቅ ሊቲየም የሚወስድ አለ። ለከባድ የአእምሮ ሕመም ሃሎፔሪዶል የሚወስድ አለ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣና ሊገድል ይችላል። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ዳያዜፓምም በድንገት ሲቆም ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ያንን ጽሑፍ ለቤተሰብ ግሩፕ የላካችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ቢያንስ ይህን ጨምራችሁ ላኩ።

ወደ ሴሮቶኒኑ ስንመጣ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የለንደን ተመራማሪዎች ያወጡት ግምገማ፣ ድባቴ የሚመጣው ሴሮቶኒን ስላነሰ ነው ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። «ንጥረ ነገር አንሶሃል» የሚለው አባባል ነገሩን ከሚገባው በላይ ያቀለለ ነበር። ግን አንድ መድኃኒት በምን መንገድ እንደሚሠራ አለመታወቁ አይሠራም ማለት አይደለም። ፓራሲታሞል ሕመም የሚያስታግስበት መንገድ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተቋጨም። መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው ወስደው በሚታዩ ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ላይ የወጣው ትልቁ ንጽጽር 522 ሙከራዎችንና 116,477 ሰዎችን ያካተተ ነው። የታዩት 21 መድኃኒቶች በሙሉ ከአስመሳይ ኪኒን ተሽለው ተገኝተዋል። ብልጫቸው በአማካይ ያን ያህል ትልቅ አይደለም፤ ይህንንም እቀበላለሁ። አንዱን ከአልጋ ያነሳዋል፣ ለሌላው ምንም አይፈይድለትም።

ደግሞ ጸሐፊው በአንድ ገጽ ላይ ሁለት የማይታረቁ ነገሮችን ይላሉ። ኪኒኑ ከስኳር አይሻልም ይላሉ። ከሦስት አንቀጽ በኋላ ደግሞ ሲወጣ ሰው የሚጥል መርዝ ነው ይላሉ። አንዱን ይምረጡ።

ይህ የመርዝ ነገር ዋናው ስለሆነ ረጋ ብዬ ልመልስ። ሐሳቡ ሲሰሙት ያሳምናል። አቆምክ፣ ታመምክ፣ መርዙ እየወጣ ነው፣ ቻለው። እንዲህ ከሆነ ከሰውነት ቶሎ የማይወጣው መድኃኒት ረጅምና ከባድ ሕመም ማምጣት ነበረበት። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል። ሲቆም ታዲያ ከሌሎቹ ያነሰ ነው የሚያስቸግረው። ፓሮክሰቲንና ቬንላፋክሲን ቶሎ ይወጣሉ፤ ሲቆሙ በጣም የሚያስቸግሩት እነሱ ናቸው። ሰርትራሊን መሀል ላይ ነው። ሌላም አለ። የታመመው ሰው ያንኑ ኪኒን መልሶ ቢወስድ ሕመሙ በአንድ በሁለት ቀን ይቀልለታል። መርዝ ጨምሮ የሚሻለው ሰው የለም። የሚያመው ሰውነት የለመደውን ነገር በድንገት ስላጣ ነው። ይህን ያህል ቀላል ነው።

አንድ የሚኒባስ ሹፌር አውቃለሁ። ሰርትራሊን 100 ሚሊ ግራም ይወስድ ነበር። ደህና ሆንኩ ብሎ በአንድ ቀን ተወው። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ፋርማሲው በር ላይ አቁሞ ገባ። «ስፖኪዮ ለማየት ዓይኔን ባዞርኩ ቁጥር ጭንቅላቴን ኮረንቲ ይነካኛል» አለኝ። በእጁ ከጆሮው እስከ አንገቱ አሳየኝ። እንቅልፍ የለም፣ ሲተኛም ቅዠት ነው፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ረዳቱ ላይ በትንሽ በትልቁ ይጮኻል። ድባቴው የተመለሰ፣ ይባስ ብሎም ጭንቅላቱ የተበላሸ መስሎት ነበር። ዓይን ሲዞር ኮረንቲ የነካ ያህል መሰማት ግን የታወቀ የማቋረጥ ምልክት ነው። የዚያን ቀን መኪናውን ለሌላ ሹፌር ሰጥቶ ወደሚከታተለው ባለሙያ ሄደ። መድኃኒቱ ተመለሰለት፣ ሕመሙም ወዲያው ጋብ አለ። ከዚያ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ተቀነሰለት። ዛሬ ምንም ኪኒን አይወስድም። ጸሐፊው ከሚፈልጉት ቦታ ደርሷል። የደረሰበት መንገድ ነው የሚለየው።

«ቀስ በቀስ» ሲባል ብዙ ሰው ግማሽ፣ ከዚያ ሩብ፣ ከዚያ ምንም ይመስለዋል። ለብዙዎች ይሠራል። ለአንዳንዶች ግን አስቸጋሪው የመጨረሻዋ ቁራጭ ናት። ምክንያቱ መጠኑ በግማሽ ሲቀንስ የመድኃኒቱ ሥራ በግማሽ አለመቀነሱ ነው። ሲታሎፕራም በተባለው የድባቴ መድኃኒት የተለካውን ልንገራችሁ። 40 ሚሊ ግራም አንጎል ውስጥ መድኃኒቱ ከሚይዛቸው ቦታዎች 86 ከመቶ ገደማ ይይዛል። 20 ሚሊ ግራምም 80 ከመቶ ገደማ ይይዛል። መጠኑ በግማሽ ቀንሶ ሥራው የቀነሰው በጥቂት ነው። ወደ 50 ከመቶ ለማውረድ ግን ወደ 3.4 ሚሊ ግራም መውረድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ40 ወደ 20 መውረድ ደረጃ እንደ መውረድ ነው፤ ከ10 ወደ ዜሮ መውረድ ግን ከፎቅ እንደ መዝለል ነው። አካሄዱ መጀመሪያ ሰፋ፣ ወደ መጨረሻው ጠበብ፣ ዘገም ማለት አለበት። በየእርምጃው ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሳምንት ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። ከበደ? ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተመልሶ ማረፍ ነው።

እዚህ አገር አንድ ችግር አለ። ፋርማሲ ውስጥ የምናገኘው ፍሉኦክሰቲን በአብዛኛው 20 ሚሊ ግራም ካፕሱል ነው። ካፕሱል በቢላ አይከፈልም። ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ግን ባለሙያው አንድ ቀን እየዘለላችሁ እንድትወስዱ ሊያደርግ ይችላል። ይህ ለሰርትራሊን ወይም ለፓሮክሰቲን አይሆንም። እነሱን አንድ ቀን ወስዶ አንድ ቀን መዝለል ሰውነትን ሽቅብና ቁልቁል ማመላለስ ነው። ሰርትራሊን ኪኒን ስለሆነ ይከፈላል። አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊ ግራም ነው የሚመጣው፤ ሦስት የሚወስድ ሰው ወደ ሁለት፣ ወደ አንድ፣ ወደ ግማሽ ይወርዳል። እንዴት እንደሚከፈል ካላወቃችሁ ፋርማሲስት ጠይቁ። ይህን ለማስረዳት ክፍያ አንጠይቅም።

ከውሳኔ ውጭ የሚቆምም አለ። «መድኃኒቱ የለም፣ ሳምንት ተመለሺ» የተባለች ታካሚ ሳትፈልግ አቆመች ማለት ነው። ከቱሉ ዲምቱ ሁለት ሦስት ታክሲ ይዞ መሀል ከተማ ሄዶ ባዶ እጅ መመለስ ምን እንደሚመስል የዚህ ሰፈር ሰው ያውቃል። የመጨረሻው ፓኬት እስኪያልቅ አትጠብቁ። የአሥር ቀን ሲቀራችሁ መፈለግ ጀምሩ። አንዱ ጋ ከጠፋ ሌላ ፋርማሲ ወይም ከነማ ጠይቁ። ከሁሉም ከጠፋ ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት እንዲተካ ንገሩት እንጂ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ።

«ደህና ከሆናችሁ ድናችኋል» የሚለውስ? ደህና መሆን ጥሩ ምልክት ነው። በቂ ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ያዘጋጀው መመሪያ ምልክቱ ከጠፋ ወይም በጣም ከቀነሰ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር መቆየትን ይመክራል። ከዚያ ቢያንስ 4 ሳምንት ወስዶ ቀስ እያሉ መቀነስ ነው። እኔ 4 ሳምንቱን እንደ ጣሪያ አላየውም፤ ለዓመታት ለወሰደ ሰው ወራትም ሊያስፈልገው ይችላል። በእንግሊዝ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ለሁለቱም ወገን መልስ አለው። መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ፣ ደህና የሆኑ፣ ማቆም እየፈለጉ የነበሩ 478 ሰዎች ነበሩበት። ከቀጠሉት 39 ከመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ድባቴው ተመልሶባቸዋል። ቀስ እያሉ ካቆሙት 56 ከመቶው ተመልሶባቸዋል። ማቆም አደጋውን ይጨምራል። ግን ካቆሙት 44 ከመቶው ዓመቱን ሙሉ ሳይመለስባቸው ቆይተዋል። ይህን ቁጥር ለታካሚው ነግሮ እሱ እንዲወስን መተው ነው ትክክሉ። ከዚህ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ድባቴ ወድቆበት የተነሳ፣ ወይም ራሱን ለማጥፋት አስቦ የነበረ ሰው ደግሞ ሚዛኑ ይለያል።

የማቋረጥ ሕመምና የድባቴ መመለስ ይምታታሉ። ዋናው መለያ ጊዜው ነው። የማቋረጡ በቀናት ውስጥ ይመጣል፤ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ላብ፣ ኮረንቲው፣ ብስጭት። የድባቴው መመለስ ቀስ ብሎ፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው፤ ጠዋት መነሳት ያቅታል፣ ምግብ ይጠላል፣ ስልክ አይነሳም፣ ዕድር አይኬድም።

«ለማንም አትንገሩ» የሚለውን የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው። ድባቴ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያስተውለው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ሚስት፣ እህት፣ አብሮ የሚኖር ጓደኛ። መድኃኒት እየቀነሳችሁ መሆኑን ቢያንስ አንድ ሰው ይወቅ። ምን እንደሚያይም ንገሩት፦ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ቁጣ፣ ሰው መሸሽ። ስለ መሞት ካወራችሁ ብቻችሁን እንዳይተዋችሁና ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እንዲወስዳችሁ አደራ በሉት። ቀጠሮ አይጠበቅም። የተረፈ ኪኒን፣ በተለይ አሚትሪፕቲሊን፣ ቤት ውስጥ አይከማች፤ ከመጠን በላይ ሲወሰድ ልብን የሚያቆም ነገር ነው። ወደ ፋርማሲ መልሱት። የምትቀንሱበትን ጊዜም ምረጡ። ሐዘን ላይ፣ ፍቺ ላይ፣ ከሥራ በተባረራችሁ ሰሞን አይሁን። ያረገዘች ሴትም እርግዝናዋን ባወቀች ቀን ኪኒኑን አትወርውር፤ ለእናቲቱም ለልጁም የሚሻለው ምን እንደሆነ ባለሙያ ያስረዳት።

ሐኪም ለገቢው ብሎ ነው የሚለው በአብዛኛው አያስኬድም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ሳይካትሪ ነርስ የእናንተ ማዘዣ በመታደሱ የሚያገኘው ሳንቲም የለም። ደጁ ላይ ያለው ሰልፍ ቢቀንስለት ነው የሚወደው። የግል ክሊኒክ ውስጥ በየወሩ ለቀጠሮ መክፈል ይከብዳል፤ እሱ እውነት ነው። የሚቆጣ ባለሙያም አለ። «ማቆም እፈልጋለሁ» ያለን ሰው ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ባለሙያ ያንን ሰው ወደ ድብብቆሽ ነው የሚገፋው፤ ቀጥሎ የሚሆነውን አያውቅም። ለሥራ ባልደረቦቼም የምለው ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው መልስ «ለምን?» ይሁን፤ በቁጣ ሳይሆን ለማወቅ። ሰውየው ያስመረረው የጎንዮሽ ጉዳት ከሆነ መጠን መቀነስ ወይም መድኃኒት መቀየር ይበቃው ይሆናል።

የጸበሉን ነገር በአክብሮት ነው የምጽፈው፤ እኔም ጸበል እጠመቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን መድኃኒት ጣሉ አላለችም። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ዘመናቸው ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት እንደማይቃረኑ በአደባባይ አስተምረዋል። ለኤችአይቪው የሠራ ለድባቴው የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ዓቢይ ጾም ሲገባ ነው። 55 ቀን ረጅም ነው። ግን የድባቴ መድኃኒት በአብዛኛው በቀን አንዴ ነው የሚወሰደው። አሚትሪፕቲሊን የማታ ስለሆነ ከጾም ጋር አይጋጭም። ጠዋት የምትወስዱትንም ጾም ወደምትፈቱበት ሰዓት ማዞር ይቻላል፤ ሐኪማችሁን ወይም ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ሙስሊም ወንድሞችና እህቶችም በረመዳን ወደ አፍጥር ወይም ወደ ሱሁር ያዞሩታል።

ቡናና ጎረቤት? ከልቤ እስማማለሁ። ሰው ያለ ሰው አይድንም። ግን የኛን ሰፈር እዩት። ብዙዎቻችን ከካዛንቺስ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳ ተነስተን እዚህ ብሎክ ውስጥ የተበተንን ነን። ዕድሩ እዚያው ቀርቷል። አጠገቧ ያለችውን ጎረቤት ስም የማታውቅ እናት አለች። «ቡና ጠጪ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ የሚጠራት ግን የለም። አያቶቻችንም ሁሉም አልዳኑም። በሰንሰለት ታስረው የኖሩ፣ ቤተሰብ የደበቃቸው ነበሩ።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ልለምናቸው። የራሳቸውን ታሪክ ይንገሩ፤ ማቆም እንደሚቻል ሰው ከእሳቸው ይስማ። «ዛሬውኑ» የሚለውን፣ «የጭንቅላት ኪኒን ሁሉ» የሚለውን እና «ለማንም አትንገሩ» የሚለውን ግን አውጥተው መልሰው ያሰራጩት። የተስተካከለውን እኔም ለደንበኞቼ እልከዋለሁ።